ቤንጃሚን ፍራንክሊን፤ የማያውቃቸውን ሰዎች ይመክር የነበረው አታሚ

ገንዘብ ሲሰጡት ከሰጪው ይጎድላል፤ ዕውቀት ግን ሲሰጡት ከሰጪው ሳይጎድል በተቀባዩ ዘንድ ይበዛል። ይህን ነገር ብዙ ሰው በአፉ ይናገረዋል፤ በሥራው የፈጸመው ግን ጥቂት ነው። ከነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው።

የፍራንክሊን ስም ሲነሣ ተማሪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሱት በነጎድጓድ ሰዓት በክር አስሮ ወደ ሰማይ ያወጣውን የሐር ጨርቅ፣ ወይም በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ላይ ያኖረውን ፊርማ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናስተዋውቅ ያሰብነው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውን ሌላውን ፍራንክሊን ነው። ይኸውም ቤቱ በጭስ የታፈነበትን፣ ጣራው በመብረቅ እንዳይመታ የሚሰጋውን፣ ዋና ለመማር ፈልጎ ውሃ የሚፈራውን ሰው ሁሉ፣ ፊቱን ሳያይና ስሙን ሳያውቅ ይመክር የነበረው አታሚ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ልጅነቱ

ፍራንክሊን የተወለደው በጃንዋሪ 17 ቀን 1706 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ነው። አባቱ ጆሳያ ከእንግሊዝ አገር ፈልሶ የመጣ፣ ከከብት ሞራ ሻማና ሳሙና እየሠራ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው ነበር። ከሁለት ሚስቶቹ 17 ልጆች ስለ ወለደ፣ ቤንጃሚንም 15ኛው ስለ ነበረ፣ ልጁን ለረጅም ጊዜ ለማስተማር አቅም አልነበረውም። ስለዚህ ልጁ በትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ10 ዓመቱ ወጥቶ የሻማ ክር እየቆረጠና ሞራ በቅርጽ ውስጥ እየሞላ አባቱን መርዳት ጀመረ። ልጁ ሥራውን እንዳልወደደው አባቱ ባየ ጊዜ፣ ለንባብ ያለውን ፍቅር ተመልክቶ በ12 ዓመቱ የኅትመት ሙያ እንዲማር ለታላቅ ወንድሙ ለጄምስ በውል ሰጠው።

በ1721 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ብርቱ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ገባ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች ታመው 844 ሞቱ። በዚያን ጊዜ ኮተን ማዘር የሚባለው የከተማይቱ ሰባኪ፣ ከአፍሪካ ተሽጦ የመጣው ኦኔሲመስ የሚባለው ባሪያው ቀደም ሲል የነገረውን ነገር አስታወሰ። ኦኔሲመስ ገና ባገሩ ሳለ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ጥቂት መግል ተወስዶ በቆዳው ውስጥ ገብቶለት፣ ቀላል ሕመም ታሞ፣ ከዚያ በኋላ በሽታው እንዳልያዘው ለጌታው ነግሮት ነበር። እንዲህ ያለው ልማድ በአገራችንም እንደ ነበረ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ጽፈዋል። ዛብዲኤል ቦይልስተን የሚባል ሐኪም ይህን ምክር ከማዘር ተቀብሎ ከ240 የሚበልጡ ሰዎችን ከተበ፤ ከነዚህም የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ።

ነገር ግን ከሐኪሞችም ከሕዝቡም ብዙዎች ክትባቱን አጥብቀው ተቃወሙ፤ በማዘር ቤት መስኮት ቦምብ እስከ መወርወር ደረሱ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የጄምስ ፍራንክሊን ጋዜጣም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ሆኖ ክትባቱን ያጥላላ ነበር። የ15 ዓመቱ ቤንጃሚን በዚያ ማተሚያ ቤት ፊደል እየለቀመ፣ የታተመውንም ጋዜጣ በየቤቱ እያደረሰ ይሠራ ነበር። አንባቢያችን ይህን ነገር በልቡ ያኑርልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሚከተለው ዓመት ቤንጃሚን በጋዜጣው ላይ የራሱን ጽሑፍ ለማውጣት ተመኘ። ወንድሙ የልጅ ጽሑፍ እንደማይቀበለው ስለሚያውቅ፣ አንዲት ባልዋ የሞተባት የባላገር ሴት የጻፈችው አስመስሎ 14 ደብዳቤዎች አዘጋጀ፤ በሌሊትም በማተሚያ ቤቱ በር ሥር እየሰደደ አስገባቸው። ወንድሙና ጓደኞቹ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ አደነቁ፤ አተሙም። ቤንጃሚን በተራ ሰው ስም፣ በተራ ሰው ቋንቋ ለሕዝብ መናገርን የተማረው ያን ጊዜ ነው።

ከወንድሙ ጋር ግን አልተስማሙም። ጄምስ ይቈጣውና ይመታው ስለ ነበር በ1723 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ከቦስተን ኰብልሎ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ። በጀልባ ደክሞና ርቦት በደረሰ ጊዜ በያዛት ጥቂት ሳንቲም ሦስት ትልልቅ ዳቦ ገዛ። አንዱን በልቶ ሲጠግብ የቀሩትን ሁለቱን በዚያው ጀልባ አብራው ለመጣች ሴትና ለልጅዋ ሰጠ። ስማቸውን አላወቀም፤ እነሱም የሱን አላወቁም።

በፊላዴልፊያ በአታሚነት ተቀጥሮ ሲሠራ የአገሩ ገዥ ኪት ወደደው። የራሱን ማተሚያ ቤት እንደሚያቋቁምለት ቃል ገብቶ፣ መሣሪያ ገዝቶ እንዲመጣ ወደ ሎንዶን እንዲሄድ መከረው፤ የብድርና የመተዋወቂያ ደብዳቤም እንደሚሰጠው ነገረው። ፍራንክሊን በ1724 ዓ.ም. ሎንዶን በደረሰ ጊዜ ግን ተጻፈ የተባለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ አወቀ። ገዥው ሰውን ሁሉ ደስ ለማሰኘት ይወድ ስለ ነበር፣ የሚሰጠው ነገር ባይኖረው ተስፋ ይሰጥ ነበር። ወጣቱም በባዕድ አገር በገዛ እጁ እየሠራ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፤ ቃል ብቻ የሚሰጥ ባለ ሥልጣን ምን ያህል እንደሚጎዳ ተምሮም በ1726 ዓ.ም. ተመለሰ።

የዓርብ ማታ ማኅበር

ፍራንክሊን በ1727 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ያህል ወጣቶችን ሰብስቦ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ የሚነጋገሩበት ማኅበር አቋቋመ። ብዙዎቹ እንደሱ በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ፤ ብርጭቆ ሠሪ፣ ጫማ ሠሪ፣ ጽሕፈት ገልባጭ፣ መሬት ቀያሽ ይገኙባቸው ነበር። በስብሰባው መጀመሪያ የሚጠየቁ የተወሰኑ ጥያቄዎች ነበሩ። ካለፈው ስብሰባ ወዲህ ወደ ከተማ የመጣና ልንረዳው የሚገባ እንግዳ ሰው አለ ወይ? ንግዱ የከሰረበት ሰው ካለ ምክንያቱ ምን ነበር? ሥራ ጀማሪ የሆነና ማበረታቻ የሚያስፈልገው ወጣት አለ ወይ? እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ነበሩ።

በዚህ ማኅበር ውስጥ ያለ ማስረጃ አስረግጦ መናገር ክልክል ነበር፤ ይህን የተላለፈ ጥቂት ገንዘብ ይቀጣ ነበር። ፍራንክሊንም ራሱ ልጅነቱን ያጠቃው የነበረውን የክርክር ጠባይ ትቶ፣ ሐሳቡን ሲያቀርብ እንደሚመስለኝ እያለ መናገርን ልማድ አደረገ። ሰው ምክርን የሚሸሸው ምክሩ ከፍቶ ሳይሆን መካሪው ስለሚታበይበት እንደ ሆነ አስተውሎ ነበር።

ከዚህ ማኅበር ብዙ ሥራ ወጣ። መጻሕፍት ውድ ስለ ነበሩ በ1731 ዓ.ም. 50 ሰዎች በመጀመሪያ 40 ሽልንግ፣ ከዚያም በየዓመቱ 10 ሽልንግ እያዋጡ መጽሐፍ የሚዋሱበት ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። ፍራንክሊን በ1729 ዓ.ም. የፔንሲልቫኒያ ጋዜትን ገዝቶ ስለ ነበር፣ በዓርብ ማታ የተነጋገሩበት ነገር በጋዜጣው እየወጣ ለከተማው ሁሉ ይደርስ ነበር።

ከጋዜጣውም ይልቅ ወደ ድኻው ቤት የገባለት በ1732 ዓ.ም. መጨረሻ ማተም የጀመረው አልማናክ ነው። አልማናክ ማለት የዓመቱን ቀኖች፣ የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ፣ የአየሩንም ጠባይ የሚያሳይ ርካሽ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሌላ መጽሐፍ በማይገባበት ቤት እንኳ ይገኝ ነበር። ፍራንክሊን ይህን አውቆ ሪቻርድ ሳውንደርስ የሚባል ድኻ የኮከብ ቆጣሪ ስም ለራሱ አወጣ፤ በቀኖቹ መካከል በሚተርፈው ባዶ ቦታም ስለ ትጋትና ስለ ቁጠባ አጫጭር ምሳሌዎችን እየሞላ ለ25 ዓመት አወጣው። በየዓመቱም ወደ 10,000 የሚጠጋ ይሸጥ ነበር። ምሳሌዎቹ አብዛኛዎቹ የራሱ እንዳልሆኑ፣ ከብዙ ሕዝቦች ጥበብ የለቀማቸው እንደ ሆኑ ፍራንክሊን ራሱ ተናግሯል።

በ1735 ዓ.ም. ደግሞ እንደ አንድ የከተማው ሽማግሌ ሆኖ ስለ እሳት አደጋ በጋዜጣው ጻፈ። ከክፍል ወደ ክፍል ፍም በተከፈተ አካፋ ይዞ መሄድ እንደማይገባ፣ ክዳን ባለው ዕቃ እንዲወሰድ፣ የጭስ መውጫም በየጊዜው እንዲጠረግ መከረ። እሳት በሚነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ልቡ እያለ ሥርዓት ስለሚያጣ አስቀድሞ በማኅበር መደራጀት እንደሚያስፈልግም ገለጠ። በሚከተለው ዓመት 30 ሰዎች የቆዳ ባልዲና ዕቃ የሚያወጡበት ከረጢትና ቅርጫት ይዘው የከተማይቱን የመጀመሪያ የእሳት አጥፊ ማኅበር መሠረቱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያጠፋውን እሳት 30 ጎረቤቶች ማጥፋት ቻሉ።

በገዛ ቤቱ የደረሰበት

ይኸው የእሳት ማኅበር የተመሠረተበት 1736 ዓ.ም. ለፍራንክሊን እጅግ መራራ ዓመት ሆነ። ልጅ ሳለ በወንድሙ ማተሚያ ቤት የታተመውን ነገር ትቶ፣ ክትባት ጠቃሚ መሆኑን አምኖ በጋዜጣው ይደግፍ ነበር። ፍራንሲስ የሚባል የሚወደው የአራት ዓመት ልጅ ነበረው። ልጁን ለማስከተብ አስቦ ሳለ ልጁ ተቅማጥ ይዞት ስለ ነበር እስኪድን ድረስ አቆየው። በዚህ መካከል ፈንጣጣ ያዘው፤ በኖቬምበር 1736 ዓ.ም. ሞተ።

ወዲያው በከተማው ወሬ ተነሣ፤ የፍራንክሊን ልጅ የሞተው በክትባት ነው ተባለ። አባቱ ክትባትን የሚደግፍ መሆኑ ስለ ታወቀ ወሬው ቶሎ ታመነ። ወሬውን የሰሙ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከማስከተብ ሊቀሩ ሆነ።

እንግዲህ አንድ ያዘነ አባት በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም። ፍራንክሊን ግን ዝም አላለም። ሐዘኑ ገና ሳይወጣለት፣ ልጁ የሞተው በክትባት ሳይሆን ሳይከተብ ቀርቶ በተራው በሽታ እንደ ሆነ በዲሴምበር ወር በገዛ ጋዜጣው ላይ አውጥቶ ገለጠ። ይህን መግለጥ ማለት ያቆየሁት እኔ ነኝ ብሎ በአደባባይ መናገር ማለት ነው። ነገር ግን ሐሰተኛው ወሬ ጸንቶ ቢቀር የማያውቃቸው የሌሎች ሰዎች ልጆች የሚሞቱበት ምክንያት እንደሚሆን ተረድቶ ነበር። በስተርጅናው የሕይወቱን ታሪክ በጻፈ ጊዜም ይህን ጸጸት እንደ ገና አነሣው፤ ክትባትን ፈርተው ልጆቻቸውን ለሚያቆዩ ወላጆች ትምህርት እንዲሆን ነው።

እኛ እንደሚመስለን ከፍራንክሊን ምክሮች ሁሉ እጅግ ዋጋ የከፈለበት ይህ ነው። ከ23 ዓመት በኋላም፣ በ1759 ዓ.ም. በሎንዶን ሳለ፣ ዊልያም ሄበርደን የሚባለው ታላቅ ሐኪም ማንም ሰው በቤቱ ክትባት ሊያደርግ የሚችልበትን ቀላል መመሪያ እንዲጽፍ አደረገ። ፍራንክሊን መግቢያውን ጻፈለት፤ መጽሐፉም በሄበርደን ገንዘብ ታትሞ ሐኪም ለማያገኘው ለአሜሪካ ሕዝብ በነጻ እንዲታደል ተላከ። ጄነር ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን የተሻለውን ክትባት ያገኘው ከዚያ በኋላ በ1796 ዓ.ም. ነው።

ምድጃውና መብረቁ

በዚያ ዘመን የፔንሲልቫኒያ ሰዎች ክረምቱን የሚያሳልፉት በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሰፊ ምድጃ ፊት ነበር። ሙቀቱ አብዛኛው በጭስ መውጫው ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ አየር በየስንጥቁ እየገባ የተቀመጡትን ሰዎች ፊታቸው ሲቃጠል ጀርባቸው ይበርዳቸው ነበር፤ ማገዶም ከከተማው እየራቀና እየተወደደ ሄደ። ፍራንክሊን በብረት የተሠራ፣ በውስጡ የሚያልፈውን አየር አሙቆ ወደ ክፍሉ የሚመልስ ምድጃ አሰበ። በ1744 ዓ.ም. ስለ አሠራሩ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ግንበኛው እንዴት እንደሚተክለው፣ ባለቤቱም እንዴት እሳት እንደሚያነድበት ከነሥዕሉ አስረዳ።

የአገሩ ገዥ መጽሐፉን አይቶ ስለ ወደደው፣ ለተወሰነ ዘመን ምድጃውን ፍራንክሊን ብቻ እንዲሸጥ የሚፈቅድ የፈጠራ መብት ሊሰጠው ፈለገ። ፍራንክሊን ግን እምቢ አለ። ምክንያቱም እኛ ሌሎች በፈጠሩት ነገር በብዙ ስለምንጠቀም፣ እኛም የፈጠርነውን በደስታና በነጻ ለሌሎች ማካፈል ይገባናል የሚል አሳብ ነበረው። በሎንዶን የሚኖር አንድ የብረት ነጋዴ ግን ከመጽሐፉ ላይ ወስዶ፣ ጥቂት ለውጦ፣ ለውጡም ምድጃውን አበላሽቶት ሳለ፣ በስሙ የፈጠራ መብት አውጥቶ ገንዘብ አተረፈበት። ፍራንክሊን ይህን ቢሰማም አልከሰሰውም።

እውነቱን ለመናገር ምድጃው ጉድለት ነበረው። ጭሱ አስቀድሞ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ ብረቱ በደንብ ካልጋለ ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለስ ነበር። ኋላ ዴቪድ ሪተንሃውስ የሚባል ሌላ የፊላዴልፊያ ሊቅ የጭሱን መንገድ ለውጦ አሻሻለው። የፍራንክሊን ሥራ በመብት ስላልታጠረ የሚያርመው ሰው መንገዱ ክፍት ሆኖ አገኘው።

ፍራንክሊን በ1748 ዓ.ም. በ42 ዓመቱ ማተሚያ ቤቱን ለሽርካው ትቶ የኤሌክትሪክን ነገር ወደ መመርመር ተመለሰ። በ1750 ዓ.ም. የገና ሰሞን ሰዎች ሰብስቦ በኤሌክትሪክ ኃይል ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ ሊገድል ሲያሰናዳ፣ በስሕተት ኃይሉ በራሱ ሰውነት ውስጥ አልፎ አደነዘዘው። በነገሩ ቢያፍርም፣ ይህንኑ ሥራ የሚመረምር ሌላ ሰው እንዲጠነቀቅ ሲል የደረሰበትን ለወንድሙ ጽፎ ላከ።

በ1752 ዓ.ም. መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ አስቀድሞ በፈረንሳይ አገር ፍራንክሊን ባሳየው መንገድ፣ ኋላም በራሱ በፍራንክሊን እጅ ተረጋገጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ግኝት ለሊቃውንት ማኅበር ጽፎ ክብሩን ከተቀበለ በኋላ ይበቃኛል ባለ ነበር። ፍራንክሊን ግን ለ1753 ዓ.ም. ባዘጋጀው በዚያ በርካሹ አልማናክ ውስጥ፣ ማንም ገበሬ ቤቱን ከመብረቅ የሚያድንበትን መንገድ አተመ። ቀጭን የብረት ዘንግ ይበጅ፤ አንዱ ጫፉ ከ3 እስከ 4 ጫማ በእርጥብ መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ሌላው ጫፉ ከቤቱ ከፍተኛ ቦታ ከ6 እስከ 8 ጫማ ከፍ ይበል፤ በላዩም የሹራብ መርፌ የሚያክል አንድ ጫማ ያህል የናስ ሽቦ ሾሎ ይታሰር። ቤቱ ረጅም ከሆነ በሁለቱም ጫፍ ዘንግ ይተከልና በጣራው ላይ በሽቦ ይያያዝ። የመርከብ ባለቤትም ከምሰሶው ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ ሽቦ ያውርድ። ምክሩ ይኸው ነው፤ አንጥረኛና ጥቂት ብረት ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ይህ ምክር ሙሉውን ካልተፈጸመ ምን እንደሚያመጣ በ1753 ዓ.ም. በሩስያ ታየ። በፒተርስቡርግ ከተማ የሚኖረው ሪችማን የሚባል ሊቅ የመብረቅን ኃይል ለመለካት ዘንግ ከጣራው ወደ ክፍሉ አስገባ፤ ዘንጉ ግን ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበር። ነጎድጓድ በሆነ ጊዜ ወደ መሣሪያው ቀርቦ ሲመለከት ኃይሉ ራሱን መትቶ ገደለው። በዘንጉ ላይ ከሚታየው ሹል ጫፍ ይልቅ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ የማይታየው ክፍል የሚያድን እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ተቃዋሚም አልጠፋም። በ1755 ዓ.ም. በቦስተን የምድር መናወጥ በደረሰ ጊዜ አንድ ሰባኪ፣ ዘንጎቹ የመብረቁን ኃይል ወደ ምድር ስለሚያወርዱ ምድር የተናወጠችው በነሱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ፍራንክሊን እንዲህ ካለው ሰው ጋር በጽሑፍ መከራከርን አይወድም ነበር፤ ነገሩ እውነት ከሆነ የቆሙት ቤቶች ይመሰክራሉ የሚል እምነት ነበረው።

ልዩ ልዩ ምክሮቹ

ፍራንክሊን በዚህ ዓይነት ለጠየቀው ሁሉ የሰጠውን ምክር ሁሉ ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም። ጥቂቶቹን ብቻ እናነሣለን።

ዋና መማር ፈልጎ ውሃ ለሚፈራ ሰው የሰጠው ምክር እንዲህ ነበር። ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ውሃ መርጦ እስከ ደረቱ ድረስ ይግባ፤ ፊቱን ወደ ዳር መልሶ በሱና በዳሩ መካከል እንቁላል ይጣል፤ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ እንቁላሉን ለማንሣት ጠልቆ ይሞክር። ሊጠልቅ ሲታገል ውሃው ወደ ላይ እየገፋ እንደሚያስቸግረው ያያል፤ ስለዚህ ውሃ እንደሚያሰጥም ሳይሆን እንደሚሸከም በገዛ ሰውነቱ ይረዳል። ፍርሃቱን በቃል ከመገሠጽ ይልቅ ራሱ እንዲፈትነው ማድረጉን አንባቢ ልብ ይበል።

የፊላዴልፊያ የመንገድ ፋኖሶች ከሎንዶን የመጡ ድቡልቡል ብርጭቆዎች ነበሩ። ከታች አየር ስለማይገባቸው ጭሱ በውስጣቸው እየተከማቸ ያጠቁራቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢመቱም ሙሉው ብርጭቆ ይሰበር ነበር። ፍራንክሊን በአራት ጠፍጣፋ መስተዋት እንዲሠሩ፣ ከላይ ጭስ መሳቢያ፣ ከታችም አየር ማስገቢያ እንዲደረግላቸው መከረ። ከዚያ ወዲህ ፋኖሱ እስከ ንጋት ሲያበራ ያድር ጀመር፤ ቢሰበርም አንዱን መስተዋት መለወጥ ብቻ በቃ።

በ1772 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባለው የኬሚስትሪ ሊቅ አዲስ ሥራ ይቀበል እንደ ሆነ ምክር ጠየቀው። ፍራንክሊን ነገሩን በሙሉ ስለማያውቀው ይህን አድርግ ሊለው እንደማይችል፣ ግን እንዴት እንደሚወስን ሊያሳየው እንደሚችል ጻፈለት። ወረቀት በመስመር ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ወገን የሚደግፈውን፣ በሌላው ወገን የሚቃወመውን ምክንያት ሦስት አራት ቀን እያሰበ ይጻፍ፤ ክብደታቸው እኩል የሆኑትን ከሁለቱም ወገን ይሰርዝ፤ የቀረው ወደሚያመዝንበት ይወስን። ወጣት ሠራተኞቻችን ይህን ዘዴ ዛሬም ቢሞክሩት ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ወጪ የለበትም።

ምክሩ ሁልጊዜ ተቀባይ አላገኘም። ፍራንክሊን ከ1753 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ አገሮችን ፖስታ ከሚያስተዳድሩት ከሁለቱ ሹሞች አንዱ ነበር። ከእንግሊዝ ወደ ኒውዮርክ የሚሄዱት የፖስታ መርከቦች ከንግድ መርከቦች ሁለት ሳምንት ያህል ስለ ምን እንደሚዘገዩ ቢመረምር፣ ዓሣ ነባሪ አዳኝ የሆነው ዘመዱ ቲሞቲ ፎልገር ምክንያቱን ነገረው። በአትላንቲክ ባሕር መካከል ብርቱ ጅረት አለ፤ አዳኞቹ ሲያውቁት የፖስታ መርከቦቹ ግን ፊት ለፊት እየተጋፈጡት ይሄዳሉ። አዳኞቹ ቢነግሯቸውም የመርከቦቹ አዛዦች ከተራ ዓሣ አጥማጅ ምክር ለመቀበል ናቁ። ፍራንክሊን ጅረቱን በካርታ አሳትሞ ቢልክላቸውም ችላ አሉት። ስለዚህ በመናቃቸው ብቻ ብዙ ቀን ከሞገድ ጋር ሲታገሉ ኖሩ።

የቀረውን የመንግሥት ሥራውን ዓለም ስለሚያውቀው በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1776 ዓ.ም. የነጻነቱን መግለጫ ፈረመ፤ በ1778 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ወዳጅነት አስገኘ፤ በ1783 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላሙን ውል ከፈረሙት አንዱ ሆነ፤ በ1787 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ካወጡት ጋር ተቀመጠ። በነዚህ ዓመታት እንኳ የቤት ውስጥ ምክሩን አልተወም። ሩቁንና ቅርቡን ለማየት ሁለት መነጽር መለዋወጥ ቢሰለቸው፣ መስተዋቶቹን ለሁለት አስቆርጦ ግማሽ ግማሹን በአንድ መነጽር አሰካና አሠራሩን ለወዳጁ ጽፎ ገለጠ። በ1785 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ወደ አገሩ ሲመለስም በመርከብ ላይ ሆኖ ቤት በጭስ የሚታፈንባቸውን ዘጠኝ ምክንያቶች ከነመድኃኒታቸው ጻፈ።

ስሕተቱና መጨረሻው

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ስሕተታቸውን መሸፈን አይገባንም። ፍራንክሊን ለብዙ ዓመት ባሪያዎች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭና የኰበለለ ባሪያ ማስታወቂያ እያተመ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ልጁን ሊያድንለት ይችል የነበረው ምክር ወደ ቦስተን የመጣው ከአንድ አፍሪካዊ ባሪያ አፍ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1763 ዓ.ም. የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ጎብኝቶ ልጆቹ በማስተዋል ከነጮች ልጆች እንደማያንሱ ባየ ጊዜ የቀድሞ አሳቡን እንደ ለወጠ ጻፈ። ዘግይቶም ቢሆን በ1787 ዓ.ም. ባርነት እንዲቀር የሚሠራው የፔንሲልቫኒያ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 1790 ዓ.ም. ባርነት እንዲሻር የሚለምን ማመልከቻ ፈርሞ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። ፍራንክሊን ከሁለት ወር በኋላ በኤፕሪል 17 ቀን 1790 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ በፊላዴልፊያ ሞተ።

በኑዛዜው ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተወ። ገንዘቡ ሙያ ተምረው ለጨረሱና ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ያገቡ ወጣት ሠራተኞች በመቶ 5 ወለድ እየተበደረ ለ200 ዓመት እንዲቆይ አዘዘ። ዘመኑ በ1990 ዓ.ም. ሲፈጸም የቦስተኑ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ የፊላዴልፊያውም 2 ሚሊዮን ያህል ደርሶ ተገኘ። ከነዚያ ወጣቶች አንዱንም ፍራንክሊን አላየውም።

ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት በፓሪስ ሳለ ለአንድ ለተቸገረ ሰው ገንዘብ ሲልክለት፣ እንዲመልስለት አልጠየቀም። በተሻለው ጊዜ እንደሱ የተቸገረ ሌላ እውነተኛ ሰው ሲያገኝ ለዚያ እንዲያበድረው፣ ያም ለሌላ እንዲያበድር አዘዘው። ምክሩንም ሁሉ የሰጠው በዚሁ ውል ይመስለናል። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት አንድ ጠቃሚ ነገር የተማረ ወጣት ሁሉ፣ ባለ ጉዳይ ቀርቦ ሲጠይቀው ወይም ጎረቤቱ ግራ ሲገባው ሲያይ፣ የዚህን ብድር ድርሻ የሚከፍልበት ጊዜ እንደ ደረሰ ይወቅ። በሚሠራ ቋንቋ፣ ሙሉውን፣ የራሱንም ስሕተት ሳይደብቅ ይንገረው። የሰማው ሰው ስሙን ባያስታውስም ቤቱ ከመብረቅ ከዳነ ይበቃል።